ታይሚንግ ቤልት ሲቀየር የትኞቹ ኦይል ሲሎች አብረው ይቀየሩ?

መኪናዋ ጋራዥ ቆማለች። የፊት ሽፋኑ ተፈቷል፣ የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር በልክ የሚያስኬደው አሮጌው ታይሚንግ ቤልት ወልቋል። በዚህ መሀል ስልክ ይደወላል። «ጋሼ፣ ኦይል ሲሎቹንስ አብረን እንቀይራቸው?» ይላል መካኒኩ። ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚያግዱትን የጎማ ቀለበቶች ማለቱ ነው። አንዱ ባለመኪና «ሁሉንም ቀይራቸው» ይላል። ሌላው «ዘይት ካልጣሉ ምን አስቸኮለህ፣ ተዋቸው» ብሎ ይዘጋል። ሁለቱም ሳያስቡበት ነው የመለሱት። ይህ ጥያቄ መኪናዋ ሳትፈታ መልስ ማግኘት አለበት። መልሱ ደግሞ እንደ ሞተሩ ይለያያል።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። አንድን ሲል ለመቀየር ሌላ ጊዜ ቤልቱን እንደገና ማውለቅ የግድ ከሆነ አሁኑኑ ይቀየር። ቤልቱን ሳይነኩ የሚደረስበት ከሆነ ግን ዘይት መጣል እስኪጀምር ይቆይ። ሲሉ ራሱ ከሞተር መለዋወጫዎች ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ኪስ የሚያራቁተው እሱ ያለበት ቦታ ለመድረስ የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ነው።

ነገሩን አጥብቄ የያዝኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች አገር ውስጥ እንዳይገቡ ተከልክሏል። እጃችን ላይ ያሉት ኮሮላዎች፣ ራቭ ፎሮችና ሃይሉክሶች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው። እነዚህን ሞተሮች በየጊዜው ከፍቶ መዝጋት ለባለቤቱም ለሞተሩም አይበጅም። አንዴ ከተከፈቱ በደንብ ተሠርተው ይዘጉ።

መጀመሪያ፦ ቤልት ነው ሰንሰለት?

ይህን ሳያጣሩ ዕቃ የሚገዙ አሉ። ቪትዝና ያሪስ፣ እንዲሁም ከ2000ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) ወዲህ የመጡት ኮሮላዎች በአብዛኛው በሰንሰለት የሚሠራ ሞተር ነው ያላቸው። የሚቀየር ታይሚንግ ቤልት የላቸውም። በእነዚህ ላይ የፊት የክራንክ ሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው የሞተር ዘንግ) ሲል ዘይት ከጣለ የክራንኩን ፑሊ ብቻ አውልቆ መቀየር ይቻላል። ስለዚህ ሳይጥል አስቀድሞ መቀየር አያስፈልግም። ከዚህ በታች ያለው ባለ ቤልት ሞተር ላላቸው ነው።

ዘይት ቤልቱን ምን ያደርገዋል?

ኦይል ሲል ከሞተሩ ወደ ውጭ በሚወጣ ተሽከርካሪ ዘንግ ዙሪያ የሚቀመጥ የጎማ ቀለበት ነው። የውስጥ ከንፈሩ ዘንጉን በስሱ አቅፎ ይይዛል። ከከንፈሩ ጀርባ ጫና የምትሰጠው ቀጭን የሽቦ ስፕሪንግ አለች። ጎማው ለዓመታት በሙቀት ሲጠበስ ይደርቃል። ከንፈሩ ይበላል። ከዚያ ዘይት በስሱ ማላብ ይጀምራል፣ ቀስ እያለም ወደ ማንጠባጠብ ይሄዳል።

ከቤልቱ ጀርባ ያሉት ሲሎች ከሌሎቹ የሚለዩት የሚያወጡት ዘይት መሬት ከመድረሱ በፊት ቤልቱን ስለሚያገኘው ነው። ዘይት የጠገበ ቤልት ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ጥርሱ ከሥሩ ይላቀቃል። 100,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለው አዲስ ቤልት ያን ያህል ሳይሄድ ያልቃል። ባለቤቱ ደግሞ ገና አዲስ ነው ብሎ ተማምኖ ይነዳል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ለቤልቱ ገንዘብ ወጥቷል፣ ቀን ጠፍቷል፣ ሥራውን ያበላሸው ግን ከጀርባው የቀረ አንድ አሮጌ ቀለበት ነው።

ቤልቱ ሲበጠስ የሚከተለው ጣጣም አንድ ዓይነት አይደለም። በድሮው ኮሮላ ላይ ባለው 4ኤ-ኤፍኢ እና በመጀመሪያው ራቭ ፎር ላይ ባለው 3ኤስ-ኤፍኢ፣ ቤልት ቢበጠስ ሞተሩ ቀጥ ይላል እንጂ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም። መኪናዋ ትጎተታለች፣ አዲስ ቤልት ይገባላታል፣ ትነሳለች። በናፍጣ ሞተር ግን ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታቸዋል። ቫልቭ ይጣመማል፣ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይወርዳል፣ ወጪው ሌላ ነገር ይሆናል። ስለዚህ የናፍጣ መኪና ያለው ሰው በሲል ጉዳይ ከቤንዚን ባለቤት ይልቅ ጠንቃቃ ቢሆን አይፈረድበትም።

አራት ሞተሮች፣ አራት መልሶች

ከ4ኤ-ኤፍኢ እንጀምር። ሁለት ካም ሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍቱ ዘንጎች) አለው፣ ነገር ግን ቤልቱ የሚያዞረው አንዱን ብቻ ነው። ሌላውን ቴስታታው ውስጥ ያለ ማርሽ ያዞረዋል። ስለዚህ ከቤልቱ ጀርባ ያለው የካም ሲል አንድ ብቻ ነው። የዘይት ፓምፑ ክራንኩ ላይ በቀጥታ ስለተቀመጠ የራሱ ፑሊ የለውም። የፊት የክራንክ ሲልም የተገጠመው እዚያው የፓምፑ አካል ላይ ነው። በድምሩ ሁለት ሲል፦ አንድ የክራንክ፣ አንድ የካም። ሁለቱም ይቀየሩ። የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው የውጭው ቺንጋ ነው። ውሃ ካላፈሰሰና ኩሽኔታው ካልጮኸ በዚህ ሰበብ ባይነካም ምንም አይደለም። «ቤልት ሲቀየር ዋተር ፓምፕ የግድ ነው» የሚለው ወሬ ለዚህ ሞተር አይሠራም።

3ኤስ-ኤፍኢ ላይ ግን ወሬው እውነት ነው። እዚህ ያው ቤልት የውሃ ፓምፑንም የዘይት ፓምፑንም ያዞራል። ሲሎቹ ሦስት ይሆናሉ፦ የክራንክ፣ የካም እና የዘይት ፓምፑ ዘንግ። ሦስተኛውን ብዙ ጋራዥ ይረሳዋል። ትንሽ ናት፣ ከታች ናት፣ ከፑሊዋ ጀርባ ተደብቃለች። አንዲት የማውቃት ራቭ ፎር የክራንክና የካም ሲል ተቀይሮላት፣ የፓምፑ ቀርቶ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ሽፋኗ ሲከፈት አዲሱ ቤልት በዘይት ርሶ ተገኘ። የእጅ ዋጋው ሁለተኛ ተከፈለ፣ ቤልቱም ተጣለ። ስለዚህ የዚህ ሞተር ባለቤት ለመካኒኩ በግልጽ «ሦስት ሲል» ብሎ ይንገረው። አንድ ነገር ልጨምር። እርጥበቱ ከዘንጉ ዙሪያ ሳይሆን ፓምፑ ከብሎኩ ጋር ከሚገናኝበት ጠርዝ ከሆነ ችግሩ የሲል አይደለም፣ የፓምፑ ማሸጊያ ነው። ያኔ ፓምፑ ራሱ መውረድ አለበት። የዘንጉን ሲል ብቻ ቀይሮ መዝጋት ትርፉ ድካም ነው።

5ኤል ሃይሉክስና ሃይ ኤስ ላይ ያለው የናፍጣ ሞተር ነው። ከእሱ በፊት የመጡት 2ኤል እና 3ኤልም በዚህ ነገር ብዙ አይለዩም። ቤልቱ ከክራንኩ ተነስቶ ካሙንና የናፍጣ ፓምፑን ያዞራል። የክራንክና የካም ሲል ያለ ጥያቄ ይቀየራሉ። የናፍጣ ፓምፑ ዘንግ ግን የራሱ ሲል አለው፣ እሱ የሚያፈሰውም ናፍጣ ነው። በሽታው ይለያል፣ ሽፋኑ ሲከፈት ሽታው ራሱ ይናገራል። ደረቅ ከሆነ አትንኩት። እርጥብ ከሆነ ደግሞ ሥራው የፓምፕ ባለሙያ ነው እንጂ የተራ ጋራዥ አይደለም። ሳይሠራ አዲስ ቤልት ማሰር ግን ቤልቱን ለናፍጣ መገበር ነው።

ላንድ ክሩዘር ላይ ያለው 1ኤችዜድ ከሁሉም ይለያል። ክራንኩና የናፍጣ ፓምፑ የሚገናኙት በማርሽ ነው። ቤልቱ አጭር ናት፣ ከታችኛው ፑሊ ወደ ካም ብቻ ትሄዳለች። ብዙዎቹ ላይ ቤልቱ የሚቀየርበት ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዳሽቦርዱ ላይ የቤልት መብራት ይበራል። ቤልቱን ለመቀየር የክራንኩ ፑሊ አይወልቅም። በእኔ መለኪያ ስንሄድ የክራንኩ ሲል ይቆያል ማለት ነው። የካሙ ሲል ግን ከቤልቱ ጀርባ ስለሆነ ይቀየር፣ ከታችኛው የቤልት ፑሊ ጀርባ ያለውም በደንብ ይታይ። «ፓኬጅ ነው» ተብሎ የክራንክ ፑሊ ሊፈታ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቁ። ዘይት እየጣለ ከሆነ ትክክል ነው። ካልሆነ ገንዘባችሁን ለሌላ ነገር አቆዩት።

ቤልት ብቻ፣ ቤልትና ሲል፣ ወይስ ሁሉም?

ምርጫው በተግባር ሦስት ነው። የመጀመሪያው ቤልቱን ብቻ ቀይሮ መዝጋት ነው። ይህን የምደግፈው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው። ሲሎቹ በቅርቡ ተቀይረው፣ ማን እንደቀየራቸውና ምን ዕቃ እንደገባ ታውቆ፣ አሁን ተከፍቶ ሲታይ ቦታው አቧራ ብቻ ከሆነ ነው። ሁለተኛ እጅ ተገዝታ ታሪኳ የማይታወቅ መኪና ላይ ይህን ምርጫ አልመክርም። ኪሎ ሜትሩ አነስተኛ ቢያሳይም እንኳ። ጎማ የሚያረጀው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም፣ በዓመትም ነው። ቆማ የኖረች መኪና ሲሏ ደርቆ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ሁለተኛው ቤልቱን ከነ ቴንሽነሩና አይድለሩ (ቤልቱን የሚወጥረውና የሚመራው ተሽከርካሪ)፣ ከጀርባው ካሉት ሲሎች ጋር መቀየር ነው። ለአብዛኛው ሰው ልክ የሆነው ይሄ ነው። ቴንሽነርና አይድለር ውስጣቸው ኩሽኔታ ነው። በእጅ ሲዞሩ ከሻከሩ ወይም ከተንገዋለሉ አዲስ ቤልት አይታመንባቸውም።

ሦስተኛው ሁሉንም ነገር መቀየር ነው፦ የውሃ ፓምፕ፣ የቫልቭ ከቨር ማሸጊያ፣ ሌላው ቀርቶ የኋላውን የክራንክ ሲል። እዚህ ላይ ነው ሰው ያለ አግባብ የሚከፍለው። የውሃ ፓምፑን ቤልቱ የሚያዞረው ከሆነ ይቀየር፣ ካልሆነ ይቆይ። የቫልቭ ከቨር ማሸጊያ በማንኛውም ቀን ከላይ ተፈቶ የሚቀየር ነው፣ ከቤልቱ ጋር የሚያስተሳስረው የግድ ነገር የለም። ከፊት በኩል ላብ ካለበት ግን አብሮ ይቀየር። ከላይ የሚወርደው ዘይት የካም ሲል መስሎ ያሳስታል፣ እየቆየም ወደ ቤልቱ ሊደርስ ይችላል።

የኋላ የክራንክ ሲል ጭራሽ ሌላ ሥራ ነው። እሱ ያለው በካምቢዮው በኩል፣ ከፍሪሲዮኑ ጀርባ ነው። ለእሱ ካምቢዮ መውረድ አለበት። ከፊት ያለው ቤልት መፈታቱ ወደ ኋላው አንድ ቡሎን እንኳ አያቀርብም። እሱን የሚያስቀይረው ትክክለኛ ቀን ፍሪሲዮን የሚቀየርበት ቀን ነው። በቤልት ሥራ ደረሰኝ ላይ የኋላ ሲል ተጽፎ ካያችሁ ካምቢዮው በእርግጥ ወርዶ እንደነበር ጠይቁ።

ከመፍታት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ዘይት ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ የሚቀየር ሲል ግምት ነው። የሞተሩን ፊት በደንብ አጥቡት። ጥቂት ቀን ንዱት። ከዚያ ከላይ ወደ ታች በባትሪ እያበራችሁ እዩ። ዘይት ወደ ላይ አይወጣም፣ ስለዚህ እርጥብ ከሆነው ቦታ ሁሉ የላይኛውን ጫፍ ፈልጉ። በነፋስ የተበተነ ዘይት ሁሉንም አንድ ዓይነት ያስመስላል፣ ሳይታጠብ መፍረድ አይቻልም። የውሃ ፓምፕ ምልክቱ ሌላ ነው። ከፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ የደረቀ ቀለም ያለው ዝቃጭ ከታየ ፓምፑ ጉዞውን እየጨረሰ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ሞተር ይተነፍሳል። ውስጡ የሚጠራቀመው ግፊት ፒሲቪ በምንላት ትንሽ ቫልቭና በቧንቧዋ በኩል መውጣት አለበት። እሷ በዝቃጭ ከተደፈነች ግፊቱ መውጫ ያጣና ዘይቱን በሲሎቹ በኩል ይገፋዋል። ያኔ የገባው ሲል ኦርጅናልም ቢሆን ያላባል። ቫልቯን አውልቆ መነቅነቅ ነው፣ ብዙዎቹ ውስጣቸው ያለችው ቁራጭ ስትንኳኳ ይሰማል። ድምፅ ከሌለ ወይም ቧንቧው ጠጣር ከሆነ አብሮ ይቀየር። ናፍጣ ሞተር ላይ ቧንቧውን ማየትና ማጽዳት ነው። ሲል ቀይሮ ቀይሮ ያቃተው ሰው መጀመሪያ እዚህ ቢመለከት መልካም ነው።

ዕቃው፦ ኦርጅናል፣ ደህና ኮፒ፣ ስም የለሽ

ሲል ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት እና ውፍረት፣ በሚሊ ሜትር። 35 50 8 ቢል 35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ዘንግ የሚሆን ማለት ነው። አሮጌውን ይዞ ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው በቁጥሩ ተመሳሳዩን ሊያገኝ ይችላል። ግን ልክ መሆን ብቻውን አይበቃም። የጎማው ዓይነት አለ። ተራው ናይትራይል የሚባለው ጎማ ርካሽ ነው፣ ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ ይደርቃል። ቫይተን የሚባለው ሙቀትን በጣም የተሻለ ይችላል። ልኩ አንድ ስለሆነ ብቻ የጎማ ማሽን ወይም የእርሻ ፓምፕ ሲል ሞተር ላይ አይገባም። በቀለም መለየትም አያስተማምንም፣ ቡናማ ሁሉ ቫይተን አይደለም።

ሌላም አለ። ብዙ የሞተር ሲሎች ከንፈራቸው ላይ ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚመልሱ ጭረቶች አሏቸው፣ አቅጣጫቸውም ዘንጉ ለሚዞርበት ነው። አንዳንዱ ላይ ቀስት ተስሎ ታያላችሁ። በሌላ አቅጣጫ ለሚዞር ዘንግ የተሠራው በልክ ገጥሞ እንኳ ዘይት ወደ ውጭ ሊስብ ይችላል።

የእኔ ምክር፦ ለክራንክና ለካም ሲል ኦርጅናሉን ወይም ስሙ የሚታወቅ የሲል አምራች ዕቃ ግዙ። በዚህ ቦታ የዋጋው ልዩነት ከእጅ ዋጋው አንጻር ትንሽ ነው። መቆጠብ ካለባችሁ ቤልቱን ሳይነኩ በሚቀየር ዕቃ ላይ ቆጥቡ።

አገጣጠሙ ከዕቃው ይበልጣል

ደህና ሠሪ ከሌለ አሮጌ ደረቅ ሲል መተው ይሻላል እላለሁ። አጥብቄ ነው የምለው። አዲስ ሲል በመጥፎ እጅ ሲገባ ዘይት የማይጥለውን ሞተር ዘይት ያስጥለዋል።

አደጋው ያለው ሲያወጡት ነው። ብዙው ሠሪ ካቻቢቴ በሲሉና በዘንጉ መካከል ሽጦ ይፈነቅላል። የካቻቢቴው ጫፍ ዘንጉ ላይ በጥፍር የሚታወቅ ጭረት ከተወ አዲሱ ከንፈር በዚያች ጭረት ላይ እየዞረ ዘይት ያወጣል። የቶዮታ የጥገና መመሪያ የሚለው የሲሉን ከንፈር አስቀድሞ በቢላ ቆርጦ፣ ጫፉ በፕላስተር የተጠቀለለ ካቻቢቴ ተጠቅሞ ማውጣት ነው። ፕላስተሩ የሳንቲም ነገር ነው። የሚያድነው ግን ክራንክ ሻፍት ነው።

ሲገባ ደግሞ ሲሉ የሚቀመጥበት ቤት ይጸዳል፣ ዘንጉ በጨርቅ ይጠረጋል። ስፕሪንጓ የምትታይበት ጎን ወደ ዘይቱ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ ውስጥ ይዞራል። ከንፈሩ ግሪስ ወይም የሞተር ዘይት ይቀባል። ከዚያ ከሲሉ የውጭ ጠርዝ ጋር በሚመጥን ቧንቧ ወይም ቡሶላ ዙሪያውን እኩል እየተገፋ ይገባል። መዶሻ በቀጥታ አያርፍበትም። በአንድ ጎን ከገባና በሌላው ከወጣ ተጣሟል፣ ወጥቶ ሌላ አዲስ ይግባ። ስፕሪንጓ በድብደባ ከቦታዋ ልትወጣ ትችላለች፣ ከውጭ ሆኖ ደግሞ አትታይም።

አሮጌው ከንፈር ዘንጉን በልቶ ቦይ ካወጣበት ሌላ ብልሃት አለ። አዲሱን ሲል ቤቱ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ፈቀቅ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ከንፈሩ ባልተበላ ቦታ ላይ እንዲዞር። ቤቱ የሚፈቅድ መሆኑንና ከጀርባ ያለ የዘይት መመለሻ ቀዳዳ እንደማይደፈን ግን ማየት ያስፈልጋል። ቦዩ ጥልቅ ከሆነ ዘንጉ ላይ የሚለብስ ቀጭን የብረት እጅጌ አለ።

ሥራው ሲያልቅ አሮጌዎቹን ሲሎች ተቀበሉ። ከንፈራቸውን በጣት ተጫኑት። እንደ ፕላስቲክ ከጠነከረ ጊዜው ደርሶ ነበር። ለስላሳ ከሆነና የሚታጠፍ ከሆነ ደግሞ ጎማው ገና አልደረቀም ነበር ማለት ነው። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ የላይኛው ሽፋን ተነስቶ ቤልቱ በባትሪ ይታይ። ደረቅና ጥቁር መሆን አለበት። ጠርዙ ላይ ማብረቅረቅ ወይም እርጥበት ካለ ወዲያው ተመልሳችሁ ጋራዡን አሳዩ። በዚያ ጊዜ ቤልቱ ገና አልተጎዳም፣ የሠራው ሰውም ሥራውን ያስታውሰዋል።